ባዶ ወንበር የለም

መስከረም 22

ይድረስ ለጋሼ፣ ለእናቴ ታናሽ ወንድም፤

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ለእርስዎ ጤና ይስጥልኝ፤ ለእማዬ ደግሞ የእኔንም ጨምሮ ይስጣት። እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከአለቃዬ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

«ስልክ ማስረጃ አይተውም» ብለው ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምሩ ስቄብዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው እማዬ ድምፄን በስልክ ሰምታ ከበር ኋላና ከቁም ሳጥን ውስጥ ስትፈልገኝ መዋሏን ከነገሩኝ ወዲህ እኔም ስልኩን ፈራሁት። እሺ፣ በደብዳቤ ይሁን።

ዋናው ጉዳይ ይኸውልዎ። ሐኪሙ «ልጇን ለይታ እንድታያት ከፈለጋችሁ ቶሎ ትምጣ፤ ከትዝታዋ የሄደው አይመለስም» ማለቱን ከሰማሁ ጀምሮ ቀን እቆጥራለሁ። ስለዚህ እመጣለሁ። ስሜንም ፊቴንም ሳትረሳው እመጣለሁ። ያልነካሁት የዓመት ፈቃድ ተከማችቶ አለ። ያለ ፈቃድ ብነሳ ግን ሥራዬ ብቻ ሳይሆን በዚህ በሰው አገር የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ ይሄዳል፤ የእማዬ መድኃኒትም ከዚሁ ደመወዝ ነው።

ሥራዬን ያውቁታል፤ የፍራሽ ፋብሪካ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ቅሬታ ክፍል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ በፍራሹ ያመካኝና ለእኔ ይጽፋል። እኔም «ስለ ደረሰብዎ እንቅልፍ ማጣት ከልብ እናዝናለን» ብዬ እመልሳለሁ። አለቃችን፣ ሥራ አስኪያጁ፣ «በመርህ ደረጃ» ሳይል አንድ ነገር ስለማይናገር ስሙ ተረስቶ «አቶ በመርህ» ሆኗል። ማመልከቻዬን ይዤ ስገባ ጫማውን አውልቆ ለናሙና የመጣ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል።

«በመርህ ደረጃ እስማማለሁ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ይፈርሙልኛ!»

«የተስማማሁት በመርሁ ነው። ወንበሩስ?»

የወንበሩ ነገር እንዲህ ነው። አምና የበላይ ኃላፊው ድንገት ለጉብኝት መጥቶ አንድ ባዶ ወንበር አየና «ይሄ የማን ነው?» አለ። አቶ በመርህ የማን እንደሆነ አላወቀም፤ የሚገባበት ጠፋው። ለካ የገዛ ጸሐፊው ወንበር ኖሯል! ከዚያን ቀን ወዲህ «ባዶ ወንበር የለም» የሚል መመሪያ ወጥቶ በየግድግዳው ተለጥፏል፤ መጸዳጃ ቤት እንኳ አልቀረም። ፈቃድ የሚወጣ ሰው በወንበሩ የሚቀመጥ ተወካይ ማምጣት አለበት።

ይሁን፣ አንድ ሰው አላጣም። የፋይል ክፍሏ ሴትዮ እሺ ብላኛለች። ጥቅምት ሳያልቅ ደጃችሁ ላይ ነኝ። ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ ከረሳችም ሳይሰለቹ ደግመው ይንገሩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ቁጥር፦ ቤ/ጉ/04
ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ ስለ እናትሽ ጤና፣ ስለ ፈቃድሽና ስለ ማህተም ቀለም

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ሁላችንም ደህና ነን። አንቺንም ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ በወጣሽበት ይመልስሽ።

«ባዶ ወንበር የለም» የሚለው መመሪያ እጅግ የበሰለ ነው፤ አለቃሽን ሰላም በይልኝ። እኔ የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ መመሪያ ቢኖረን ኖሮ ፋብሪካው ባልተዘጋ ነበር። እርግጥ የተዘጋው ሳሙናው አረፋ አላወጣ ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ምቀኛ መቼም አይጠፋም።

እዚህ ቤትም ሥራው በሥርዓት እንዲሄድ ሳምንታዊ ስብሰባ ጀምረናል። ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ አባላት እናትሽና የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ «እኔ በቤተሰብ ጉዳይ ምን አገባኝ?» ብላ ነበር። ምልዓተ ጉባኤው አይሟላም ስላት ጊዜ እሺ አለች፤ እየሰፋች ትሰበሰባለች።

እትዬ «ልጄ መጣች ወይ?» የሚለውን አጀንዳ በተደጋጋሚ ታነሳለች። «በሂደት ላይ ነው» ብዬ እመልስላታለሁ። ባለፈው «ሂደት የት ነው ያለው? ሩቅ ነው?» አለችኝ። ሳቄን ለቀቅሁት፤ ኋላ ግን መሳቄ ደስ አላለኝም።

ስትመጪ ሐምራዊ የማህተም ቀለም ይዘሽልኝ ነይ። የፋብሪካው ማህተም እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ ለቤቱ ውሳኔዎች እየተጠቀምኩበት ነበር፣ አሁን ደርቋል።

ከሰላምታ ጋር
አጎትሽ
የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለእናትሽ (አንብቤላታለሁ)
ለፋይል


ጥቅምት 28

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ቸር ወሬ ልጽፍልዎት ወረቀቱን ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ቸር ወሬው አልመጣም። ጉድ ነው የመጣው።

የፋይል ክፍሏን ሴትዮ ይዤ አቶ በመርህ ዘንድ ገባሁ። ከላይ እስከ ታች አያትና «እሺ፣ እሷ ባንቺ ወንበር ትቀመጣለች። በእሷስ ወንበር?» አለ። ጋሼ፣ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወጥቼ ገንዘብ ያዡን ለመንኩት፤ በእሷ ወንበር ሊቀመጥ እሺ አለ። «በገንዘብ ያዡስ?» የዕቃ ቤት ኃላፊውን ለመንኩ። «በእሱስ?» ሾፌሩን ለመንኩ። ሾፌሩን ይዤ ስገባማ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ሾፌር መኪና እንጂ ወንበር የለውማ!

«የመኪና ወንበር ወንበር አይደለም?» አለኝ አቶ በመርህ።

 የጥበቃውን ሽማግሌ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ልጄ፣ መንዳት አልችልም» አለኝ። «መቀመጥ ብቻ ነው አባባ» አልኩት። እሱም እሺ አለ፤ እግዜር ዕድሜ ይስጠው። አሁን የቀረው የእሱ ወንበር ነው፤ በሩ ላይ ያለችው፣ አንድ እግሯ በገመድ የታሰረች። ለእሷ ሰው አጣሁላት። በየፎቁ ሰው እየለመንኩ ስዞር ጸጉሬን ሳላበጥር የምውልበት ቀን አለ፤ ሰው ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል።

ጥቅምት እንዲህ ሆኖ አለቀ። እማዬን ምን አሏት? እባክዎን «ደህና ናት» አይበሉኝ ጋሼ። ያለችውን ቃል በቃል ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ቁጥር፦ ቤ/ጉ/07
ኅዳር 19

ለእህቴ ልጅ
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሻርፕ

መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው።

ቃል በቃል ብለሻል፤ ቃል በቃል ሲሆን እንዲህ ነው። ማክሰኞ «ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። ረቡዕ አላለችም። ሐሙስ «ልጅ ነበረችኝ መሰለኝ» አለች። የዓርቡን ስብሰባ ሰርዤዋለሁ።

የማህተም ቀለሙ ይቅር። በእሱ ፈንታ አንገትሽ ላይ ውሎ ያደረ ሻርፕ ካለሽ በፖስታ ላኪልኝ። እንዳይታጠብ። ለእናትሽ ይጠቅማታል ብለን አምነንበታል።

ስለ በሩ ወንበር አንድ ምክር ልስጥሽ፤ አለቃሽን ራሱን ጠይቂው። ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ውስጥ ምን እንደሚሠራ እኔ እስከ ጡረታዬ አልገባኝም ነበር። በመስኮት የጥበቃ ሠራተኞቹን እያየሁ እቀናባቸው ነበር። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ሥራው ይታወቃል። ይህ በአንቺና በእኔ መካከል ይቅር፤ ለፋይል ግልባጭ አላደረግሁም።

በርቺ። እግዜር ከጎንሽ ይቁም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። ሻርፑን ልኬዋለሁ፤ አረንጓዴው ነው፣ ብርድ በገባ ቁጥር የምጠመጥመው። ከእሱ ላይ ጠረኔን ካገኘችው ታስታውሰኝ ይሆናል ብዬ ለሳምንት ለብሼው ተኝቻለሁ። እማዬ ስታሸተው ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

ምክርዎን ሰማሁ። ምነው ባልሰማሁ!

አቶ በመርህን «በሩ ላይ እርስዎ ቢቀመጡስ?» ስለው ዓይኑ በራ። «በመርህ ደረጃ ኃላፊ ሰው ዝቅ ብሎ ማገልገል አለበት» አለና በማግስቱ ኮፍያ አድርጎ በሩ ላይ ተሰየመ። ሁላችንም አንድ አንድ ወንበር ተንቀሳቀስን። ሻንጣዬን አልጋ ላይ ዘርግቼ ነው ያደርኩት። ጠዋት ልሰናበት ስሄድ ግን ከበሩ ወንበር ላይ ሆኖ «የኔስ ወንበር?» አለኝ። ለካ መመሪያው ላይ ሥራ አስኪያጁን የሚወክለው በአገልግሎት አንጋፋው ሠራተኛ ነው ይላል። አንጋፋው ሠራተኛ ማን ይሁን ጋሼ? እኔ!

ያን ሁሉ ሰው ከወንበሩ ያስነሳሁት እኔ ልሄድ ነበር። ሁሉም ተነሳ፤ እኔ ግን ከወንበር ወደ ወንበር ነው የተዘዋወርኩት። አሁን ፍራሹ ያለበት ቢሮ ውስጥ ነኝ።

መሥሪያ ቤቱ ፈራርሷል ብለው እንዳያስቡ። ማንም ልዩነቱን አላየውም! የፋይል ክፍሏ ሴትዮ እንቅልፍ ላጡት ሁሉ «በጊዜ ይተኙ» ብላ ትመልሳለች፤ ቅሬታው ቀነሰ። ገንዘብ ያዡ ፋይሎቹን በቀለማቸው ደርድሯቸዋል። ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ሲያንቀላፋ ይውላል። መኪናው ስለማይንቀሳቀስ አደጋ የለም፤ አቶ በመርህ ይህን በሪፖርቱ «አደጋን ስለ መቀነስ» ብሎ አስገብቶታል፤ የበላይ ኃላፊውም የምስጋና ደብዳቤ ጽፎለታል። አቶ በመርህን ደግሞ ለገባው ለወጣው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲል ያየው ሰው፣ ሲፈጠርም ለዚሁ ነው ይላል። ወደ ቢሮው ይመለስ እንደሆነ ብጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አሁን የመፈረም ሥልጣን አለኝ፤ የራሴን ፈቃድ ለምን አልፈርምም? ወርጄ ነገርኩት።

«ከፈረምሽ ትሄጃለሽ» አለኝ በትዕግሥት። «ከሄድሽ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ወንበር ባዶ የሚያደርግ ሰው በመርህ ደረጃ ኃላፊ አይደለም። ኃላፊ ካልሆንሽ ደግሞ ፊርማሽ አይሠራም።»

ቆሜ አሰብኩበት። ቀዳዳ አጣሁለት። ወደ ላይ ወጥቼ በሩን ዘግቼ፣ ፍራሹ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፍራሹ ጥሩ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ቁጥር፦ ቤ/ጉ/08
ጥር 3

ለእህቴ ልጅ
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ መረጃ ስለ መጠየቅ

ሻርፑ ደርሷል። ልክ ነው።

እትዬ ጋደም ልትል ስትል፣ ቀንም ይሁን ማታ፣ «በሩ ተዘጋ?» ብላ ትጠይቃለች። «ተዘግቷል» እላታለሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ትጠይቀኛለች፤ መልሴ ልክ አይመጣም፤ ታለቅሳለች። በልጅነትሽ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለታችሁ የምትባባሉት ነገር እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሙሉውን፣ ቅደም ተከተሉን ሳታዛንፊ ጻፊልኝ።

በተጨማሪም ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ ትሸፍኛለሽ ወይስ እንዲሁ ነው? እናትሽን ስትጠሪያት «እማ» ነው ወይስ «እማዬ»? ለመረጃ ያህል ነው።

ፎቶሽን ከግድግዳው ላይ አውርጄዋለሁ። መስተዋቱ ተሰነጣጥቆ ነው።

ስለ ትብብርሽ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አጎትሽ


ጥር 24

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ለእማዬ እንቅልፍ ከሆነ ግን ይኸውልዎ። እሷ «በሩ ተዘጋ?» ትላለች፤ እኔ «ተዘጋ» እላለሁ። «መብራቱስ?» ትላለች፤ «ጠፋ» እላለሁ። ከዚያ «አንቺስ?» ትላለች። እኔ «አለሁ» እላለሁ። ያን ጊዜ ትተኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

«እማዬ» ነው የምላት። ስስቅ አፌን እሸፍናለሁ። ግን ጋሼ፣ የሳቄ ነገር ለምን አስፈለገ? እዚያ ቤት ማን ነው የሚስቀው? ሻርፑን ስታሸተው ምን እንዳለች ጠይቄዎት ነበር፤ «ልክ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሻርፕ ደግሞ ምን ልክ አለው?

እዚህ ያለውን ልንገርዎትና ይፍረዱኝ። ሾፌሩ፣ አሁን ዕቃ ቤት ያለው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች፤ የመጀመሪያቸው ነው። «እመቤቴ፣ ጥቂት ቀን ቢፈቅዱልኝ» አለኝ።

«በመርህ ደረጃ እስማማለሁ» አልኩት። «ወንበሩስ?»

እኔ ነኝ ያልኩት ጋሼ! በዚህ አፌ! እሱም አልተቆጣም፤ «እሺ እመቤቴ» ብሎ ወጣ። ሮጬ ልመልሰው አሰብኩ፤ ግን እሱን ከለቀቅሁት የዕቃ ቤቱ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ያ ባዶ ከሆነ ደግሞ የኔም ፈቃድ ጭራሽ ተስፋ የለውም ብዬ ተቀመጥኩ። ልጁ ሲወለድ አባቱ ዕቃ ቤት ውስጥ የፍራሽ ጨርቅ እያጠፈ ነበር። ዛሬ ደረጃ ላይ ሳገኘው «እንኳን ማርያም ማረቻት» ልለው ፈልጌ ዓይኔን ሰብሬ አለፍኩት። ራሴን ጠላሁት።

ቶሎ ይመልሱልኝ። ልቤ ተንጠልጥሏል።

የእህትዎ ልጅ


ቁጥር፦ ቤ/ጉ/11
የካቲት 27

ለእህቴ ልጅ
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ ውክልና ስለ መስጠት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በሥርዓት ልጽፈው ነበር፤ አልሆነልኝም። እንዲሁ ልንገርሽ።

ኅዳር ላይ ነው። እትዬ ልጅ እንደነበራት ከተጠራጠረች በኋላ እህል አልቀምስም አለች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ውኃ ይዛላት ስትገባ እጇን አፈፍ አድርጋ «መጣሽ?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ነው የሆነው፤ አጀንዳ ሆኖ አልቀረበም፣ ድምፅም አልተሰጠበትም። «መጣሁ» አለቻት። እትዬ ያን ቀን በላች።

በማግስቱ ትረሳዋለች ብዬ ነበር። ሁሉን ስትረሳ ይህን አልረሳችም። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ «ይህ ነገር ኃጢአት ነው፣ እውነተኛዋን ጥሩልኝ» ብላ ስንት ጊዜ አልቅሳብኛለች። እኔ ነኝ ያስቀጠልኳት። አንቺ ስለ ተወካይና ስለ ወንበር በጻፍሽልኝ ቁጥር እዚህም ያንኑ የምንሠራ መሰለኝ። ሻርፑ የእሷ አንገት ላይ ነው። ፎቶሽን ያወረድኩት እትዬ «ይቺ ማን ናት?» እያለች ስለተረበሸች ነው፤ መስተዋቱ ደህና ነው።

ልብስ ሰፊዋ «አለሁ» የሚለውን ካወቀች ወዲህ እናትሽ እንቅልፏን ትተኛለች። ፊቷ ሞላ አለ። ስለዚህ ልጄ፣ ከአለቆችሽ ጋር አትጣዪ፣ ሥራሽንም አትልቀቂ። መቸኮል አያስፈልግሽም። ወንበርሽ ባዶ አይደለም።

አጎትሽ

ግልባጭ የለውም።


መጋቢት 14

ጋሼ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ሰላምታውን ይለፉልኝ።

ሾፌሩን ጠርቼ ፈቃዱን ፈረምኩለት። «ወንበሩስ?» አለኝ። «ወንበሩ ገደል ይግባ፣ ልጅህን ሂድና እቀፍ» አልኩት። ከዚያ በዚያው ብዕር የራሴን ፈረምኩ። ይሠራል አይሠራም፣ ወረቀቴን ይንጠቁኝ አይንጠቁኝ፣ የፈለገው ይሁን። አቶ በመርህ በሩ ላይ ከአንድ ፍራሽ ገዢ ጋር ሲስቅ በጎኑ አልፌ ወጣሁ።

እመጣለሁ። ፎቶዬን መልሰው ይስቀሉት።


ቁጥር፦ 01
ሚያዝያ 15

ለጋሼ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለ መስጠት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በሰላም ገብቻለሁ። እርስዎ በሩን ዘግተው ከወጡ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን አያውቁም። ማታም ፊትዎን አላሳዩኝም፤ በማግስቱ ስወጣም ክፍልዎ እንደተቆለፈ ነበር። ቂም አልያዝኩብዎትም። ግን ማወቅ አለብዎትና ልጻፍልዎት።

«እማዬ» ብዬ ስገባ ደንግጣ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ መሳቧንና «ልጄ፣ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» ብላ ልብስ ሰፊዋን መጠየቋን እርስዎም አይተዋል። «ከመሥሪያ ቤቷ ነው የመጡት፤ አለቃዋ ናቸው» ብለው የወጡትም እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምነግርዎ።

ልብስ ሰፊዋ የእማዬን ጸጉር ስታበጥር ነበር የደረስኩት፤ ማበጠሪያው በእጇ ቀረ። ሻርፑን ልታወልቅ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ተይው አልኳት በዓይኔ። እማዬ «አለቃ» የሚለውን ስትሰማ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ የሹራቧን ቁልፎች ቆላለፈች። «ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው አይቅሩ» አለችኝ። እናቴ አንቱ አለችኝ፣ ጋሼ።

ተቀመጥኩ።

«ልጄን ስለፈቀዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ወንድሜ ሂደት ላይ ነው፣ ሂደት ላይ ነው ሲለኝ ነበር። አለቃዋ ክፉ ናቸው ብዬ ረግሜዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ደግ ሰው ባይሆኑ አይልኳትም ነበር።»

«ምንም አይደል» አልኳት። እሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ልብስ ሰፊዋ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን ሊወስዷት ነው የመጡት?» አለችኝ። 

«አይደለም።»

«ትንሽ ትቆይልኝ እመቤቴ። ገና አልጠገብኳትም።»

«የፈለጉትን ያህል ትቆይ» አልኳት።

«ይሄ እኮ የአፍ ነው» አለች። «በወረቀት ያድርጉልኝ። እኔ እረሳለሁ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ነበር፤ ጻፍኩላት። «ልጅዎ እናቷ እስከፈለገቻት ድረስ ከእናቷ ጋር እንድትቆይ ተፈቅዷል» ብዬ ፈረምኩ። ስለ ወንበር አልጠየቅኳትም። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ማህተም የለውም?» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ሄዳ የእርስዎን ማህተም ከመሳቢያዎ አመጣችው። ደርቋል። እፍ እፍ አልኩበትና ባለኝ ጉልበት ተጫንኩት፤ የሳሙና ፋብሪካው ስም ገረጥ ብሎ ወጣ። እማዬ አጠፈችው፣ ትራሷ ሥር ከተተችው፣ ጋደም አለች።

«በሩ ተዘጋ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እኔን አየችኝ፤ እንባዋ ይወርዳል። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። አፌን ብከፍት እማዬ ትደነግጣለች።

«ተዘጋ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«መብራቱስ?»

«ጠፋ።» መብራት አልበራም ነበር፤ ቀን ነው።

«አንቺስ?»

እኔ እዚያው ነበርኩ ጋሼ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሯ አጠገብ ነበርኩ። «አለሁ» ያለችው ግን ልብስ ሰፊዋ ናት። እማዬ ወዲያው ተኛች። እውነትዎን ነው፣ ፊቷ ሞላ ብሏል። ፎቶዬን መልሰው አለመስቀልዎም ልክ ነበር።

እዚህ ስመለስ ከሥራ ተባርሬያለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። አቶ በመርህ በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ተነሳልኝና «ወጥተሽ ነበር እንዴ?» አለኝ። ቢሮ ስገባ ነው የገባኝ። ያን ቀን ስጣደፍ ኮቴን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ረስቼው ነበር። ብቅ ያለ ሁሉ ኮቱን እያየ «አሉ፣ እዚሁ ናቸው» ሲል ሰንብቷል። ኮት ነው የወከለኝ ጋሼ። ሾፌሩ ስለተወው ወንበርም ማንም አልጠየቀም። መስከረም ላይ ኮቴን ወንበሩ ላይ ጥዬ ብነሳ ኖሮ፣ እማዬ ገና ስሜን ታውቀው ነበር። ይህን ለማንም ልናገረው አልችልም፤ ለእርስዎ ነገርኩዎት።

ለልብስ ሰፊዋ ኃጢአት የለብሽም ይበሉልኝ። ሻርፑም የእሷ ነው። ብርድ ሲገባ ሌላ እልክላታለሁ።

ወረቀቱ እንደሚጠፋባት አውቃለሁ። በጠፋባት ጊዜ «ሊወስዷት ነው» ብላ ከማልቀሷ በፊት ይጻፉልኝ፤ ሌላ ፈርሜ እልካለሁ። ከወንበሬ የትም አልሄድም። የማህተም ቀለሙን፣ ሐምራዊውን፣ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የልጅቷ አለቃ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ